በአጎቴ ግድግዳ ላይ ያነበብኩት «በለዐ»

አጎቴ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በኖሩበት ቤት፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ በመስታወት የተለበጠ አንድ ዲፕሎማ ተሰቅሎ ነበር። ፊደል ቆጥሬ በጨረስኩበት ዓመት፣ የከሰዓት በኋላው ሙቀት አላስወጣ ብሎን ሁላችንም ምንጣፍ ላይ ጋደም ባልንበት ጊዜ፣ ዓይኔ በዚያ ወረቀት ላይ አረፈ። ጽሕፈቱ እንግሊዝኛ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ዐረብኛም እንዳልሆነ በመጋላ ሱቆች በር ላይ ካየሁት አውቃለሁ። ሆኖም ከቃላቱ አንዱ በ፣ ለ እና ዐን በሚመስሉ ሦስት ፊደሎች ይጀምር ስለ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «በለዐ» ብዬ አነበብኩ። አጎቴ ከተጋደሙበት ቀና ብለው፣ «ይህ የተማርኩበት ከተማ ስም ነው፤ ፕሎቭዲቭ ተብሎ ይነበባል» አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ከፍተኛ ትምህርት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ንጉሡን ሠ የመሰለች ባለ ሦስት ዘንግ ፊደል ነበረች፤ እርሷን በጣታቸው ነክተው «ይህችን ደግሞ ሸ በላት» አሉኝ።

አጎቴ በደርግ ዘመን ወደ ቡልጋሪያ ተልከው እርሻ ካጠኑ ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበሩ። እኔ በበኩሌ ቡልጋሪያ የሚባለውን አገር ከሸዋው ቡልጋ ጋር አንድ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ሁለቱ በድምፅ ከመመሳሰል በቀር ምንም ዝምድና እንደሌላቸው የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ዲፕሎማው ግን በልቤ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተክሎ ቀረ። ይህ ሕዝብ ከየት መጣ? ፊደሉንስ ከማን አገኘ? ካደግሁ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ከአጎቴ ጋርም እየተጨዋወትኩ የሰበሰብኩትን ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጥ ወድጃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በግልጽ ካላመለከትኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልናገር የምፈልገው፣ ስሙንና ቋንቋውን ለቡልጋሪያ ሕዝብ ያወረሱት የተለያዩ ወገኖች መሆናቸውን ነው። ስሙ የመጣው ቡልጋሮች ከሚባሉ፣ የቱርክ ዘር ቋንቋ ይናገሩ ከነበሩ፣ ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው ሰፊ የሣር ምድር ከኖሩ ፈረሰኞች ነው። ቋንቋው የስላቮች ነው፤ እነዚህ በ6ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት ከዳኑብ ወንዝ ወዲህ እየተሻገሩ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ከሁለቱም በፊት ደግሞ በዚያ ምድር ላይ ትራኪያውያን ይኖሩ ነበር። ቡልጋር የሚለው ቃል ራሱ በቱርክ ቋንቋዎች «ማደባለቅ» ከሚል ግስ እንደ መጣ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ደስ ያለኝን ያህል በሌላ ነገር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያደግሁበት ከተማ ስም በሶማልኛ ተናጋሪው ዘንድ አንድ ትርጓሜ፣ በኦሮምኛ ተናጋሪው ዘንድ ሌላ ትርጓሜ ያለው ነው፤ ሱቅ ገብቶ በአንድ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ፣ በሌላ ቋንቋ ዋጋ ተከራክሮ፣ በሦስተኛው አመስግኖ መውጣት ለእኛ የዕለት ኑሮ ነው። «ድብልቅ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚሰሙት ሰዎች የሚሉትን በሚገባ እረዳለሁ፤ ሆኖም አልስማማበትም።

ኩብራት የሚባለው የቡልጋሮች መሪ በ632 አካባቢ በዚያ የሣር ምድር ላይ አንድ ትልቅ መንግሥት አቋቋመ። የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አምስት ልጆች ነበሩት፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ኻዛሮች በረቱባቸውና በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከልጆቹ አንዱ አስፓሩኽ ሕዝቡን ይዞ ወደ ዳኑብ አፍ ወረደ፤ ሊያባርረው የመጣውንም የቢዛንታይኑን ንጉሠ ነገሥት የቆስጠንጢኖስ አራተኛን ሠራዊት በ680 ድል አደረገ። በ681 የቢዛንታይን መናገሻ ቁስጥንጥንያ ውል ገብታ ግብር ለመክፈል ተስማማች፤ ቡልጋሪያውያንም የመንግሥታቸውን መነሻ ከዚህ ዓመት ይቆጥራሉ። ፈረሰኞቹ በቁጥር ጥቂት፣ ስላቮቹ ብዙ ነበሩ። ገዢው ስሙን ለአገሩ ሰጠ፤ ተገዢው ቋንቋውን ለገዢው ልጆች አስተማረ። ዛሬ ለጥንቶቹ ቡልጋሮች ቋንቋ በቅርብ የሚዛመደው ሕያው ቋንቋ፣ ሩሲያ ውስጥ በቮልጋ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩት ቹቫሾች የሚናገሩት ነው።

ከፈረሰኞቹ ዘመን የቀረው ትልቁ ምልክት በሰሜን ምሥራቅ ቡልጋሪያ፣ ማዳራ በምትባል መንደር አጠገብ ባለ ገደል ላይ ይታያል። 100 ሜትር ያህል ቁመት ባለው ቀጥ ያለ ዐለት ላይ፣ ከመሬት 23 ሜትር ከፍ ብሎ፣ አንድ ፈረሰኛ ተቀርጿል፤ ከፈረሱ እግር በታች አንበሳ ወድቋል፣ ከኋላው ውሻ ይከተላል። በፈረሰኛው ዙሪያ ያለው ጽሑፍ ግን ግሪክኛ ነው፤ የራሳቸው ፊደል ስላልነበራቸው የጠላታቸውን ፊደል ተውሰው ጽፈዋልና። ከ814 እስከ 831 የገዛው ኻን ኦሙርታግም ቤተ መንግሥት ሠርቶ በድንጋይ ዓምድ ላይ ያስጻፈው በግሪክኛ ነበር። በዚያ ዓምድ ላይ ያለው ቃል በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ያህል ነው፦ ሰው መልካም ኑሮ ቢኖርም እንኳ ይሞታል፣ ሌላውም ይወለዳል፤ ኋላ የተወለደው ይህን ባየ ጊዜ የሠራውን ያስታውስ። ጽሑፉ ቀጥሎ የንጉሡን ስም ይናገራል፣ መቶ ዓመት እንዲኖርም አምላክን ይለምናል። ኦሙርታግ ክርስቲያን አልነበረም፤ እንዲያውም ክርስቲያኖችን ያሳደደ ንጉሥ ነበር። ዓምዱ ግን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ተርኖቮ በተባለችው መናገሻ በ1230 በተሠራው የአርባ ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጣሪያ ተሸካሚ ሆኖ ቆመ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። የአረማዊው ንጉሥ ቃል የክርስቲያኑን ንጉሥ ጣሪያ ተሸክሞ ቆይቷል ማለት ነው።

ከአስፓሩኽ ጋር ወደ ደቡብ ያልወረዱት ወገኖች ወደ ሰሜን ሄደው በቮልጋ መካከለኛ ክፍል ሌላ ቡልጋሪያ መሠረቱ። ይህን የምናገረው በተለይ ለሐረርና ለድሬዳዋ አንባቢ ነው። እነዚህ ሰሜናውያን ቡልጋሮች እስልምናን ተቀበሉ፤ ገዢያቸው አልሙሽ ወደ ባግዳዱ ኸሊፋ መልእክተኛ ልኮ ሃይማኖት የሚያስተምረውን፣ መስጊድና ምሽግ የሚሠራለትን ሰው ለመነ፤ መልእክተኞቹም በ922 ደረሱለት። ከመጡት አንዱ የነበረው ኢብን ፋድላን ያየውን ሁሉ ጽፎ ትቶልናል። በዚያ አገር በበጋ ሌሊቱ እጅግ አጭር በመሆኑ፣ ከንጉሡ ልብስ ሰፊ ጋር በድንኳን ውስጥ ጥቂት ሲጫወቱ የዒሻ አዛን መስሏቸው ቢወጡ የንጋቱ አዛን ሆኖ አገኙት። ሙአዚኑም የሱብሒ ሶላት እንዳያመልጠው በመፍራት አንድ ወር ሙሉ ሌሊት እንዳልተኛ ነገረው። ቀንና ሌሊቱ እኩል ለእኩል በሆነበት በእኛ አገር ላደገ ሰው፣ ይህ ምዕመን ወደ ሰማይ እያየ ሲጨነቅ በዓይነ ሕሊናው ማየት ልብ ይነካል። ዳኑብ አጠገብ የቀሩት ወንድሞች ደግሞ ከዚያ በፊት በ864 መስቀሉን ተቀብለው ነበር። አንድ ስም፣ ሁለት ሃይማኖት፣ ሁለት ወንዝ፤ የጀጎል መስጊዶች አዛንና የመድኃኔ ዓለም ደወል በአንድ ንጋት ለሚሰሙበት ከተማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ትራኪያውያን ልመለስ፤ አጎቴን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቃቸው ይህ ሕዝብ ነበርና። የግሪኩ ሄሮዶቱስ በዓለም ላይ ከህንዶች ቀጥሎ በቁጥር ብዙ የሆኑት ትራኪያውያን እንደ ነበሩ፣ አንድ ልብ ቢሆኑም የሚችላቸው እንደማይኖር ጽፏል። መጻሕፍት አልተዉልንም፤ የተዉልን መቃብር ነው። ካዛንላክ በምትባል ከተማ በ1944 የተገኘው መቃብር ከ4ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የቆየ ሲሆን፣ በትንሿ ጉልላት ውስጠኛ ክፍል ላይ ባልና ሚስት ለግብዣ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ክንድ እንደ ያዙ ተሥለዋል። ሚስትየዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች፤ ፈረሶች ከዳር ቆመዋል። የመሰናበቻ ሥዕል መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቀዋለን።

ነገር ግን አጎቴ ደጋግመው የሚያወሩት ስለ አንድ የወርቅ ሳሕን ነበር። ዲሴምበር 8 ቀን 1949 ሦስት ወንድማማቾች ፓናጊዩሪሽቴ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሸክላ ሥራ የሚሆን ጭቃ ሲቆፍሩ ዘጠኝ የወርቅ ዕቃዎች አገኙ፤ ክብደታቸው በድምሩ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ዕቃዎቹ ከ4ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መጨረሻ ወይም ከ3ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ናቸው፤ መኖሪያቸውም የፕሎቭዲቭ ሙዚየም ነው። ስምንቱ የመጠጥና የመቅጃ ዕቃዎች ናቸው። ዘጠነኛው ግን ጠፍጣፋ ሳሕን ሲሆን፣ በላዩ ላይ ከመካከል ወደ ዳር እየሰፉ በሚሄዱ ሦስት ክቦች የጥቁር አፍሪካውያን ፊቶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ክብ 24፣ በድምሩ 72 ፊት ነው። ጠጕራቸው የተጠቀለለ፣ አፍንጫቸው ሰፋ ያለ፣ ከንፈራቸው ወፈር ያለ፤ ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር ፊቶቹ እያደጉ ይሄዳሉ። ግሪኮች እንዲህ ያለውን ሰው «አይቲዮፕስ» ይሉት ነበር፤ የአገራችን ስም የተገኘውም ከዚያው ቃል ነው።

አጎቴ በተማሪነታቸው ዘመን በዚያ ሳሕን ፊት ቆመው ፊቶቹን አንድ በአንድ እንደ ቆጠሩ ነግረውኛል። «አገር ቤት ደብዳቤ ከላክሁ ሦስት ወር ሆኖኝ፣ መልስ ሳይመጣልኝ፣ ብርዱ አጥንቴን ሰብሮት በነበረ ጊዜ ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ሰባ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ አየኝ» ይሉ ነበር። አንጥረኛው እነዚያን ፊቶች ለምን እንደ መረጠ እርሳቸውም እኔም ስንገምት ብዙ ምሽት አምሽተናል። በሳሕኑ ላይ ግን ክብደቱ በግሪክ ፊደል ተጽፏል፤ ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚመዘን ውድ ዕቃ እንደ ነበረ እናውቃለን። የሰው መልክ ከሰው አስቀድሞ አገር ይሻገራል። አጎቴ ፕሎቭዲቭ በደረሱ ጊዜ የመጀመሪያው ጥቁር ፊት አልነበሩም፤ ሰባ ሁለት ሰዎች በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ቀድመዋቸዋል።

ትራኪያውያን እንደ ሕዝብ ቢጠፉም በስም ቀርተዋል። ፕሎቭዲቭን የመቄዶንያው ፊልጶስ በ342 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ይዞ ፊሊፖፖሊስ አላት፤ ትራኪያውያኑ ያንኑ ስም በቋንቋቸው ፑልፑዴቫ አሉት፤ ስላቮች አፋቸው እንዳመቻቸው አለሳልሰው ፕሎቭዲቭ አሏት። የዛሬዋ መናገሻ ሶፊያም እንዲሁ ሰርዲ ከሚባለው ነገድ ሰርዲካ ተባለች፤ ስላቮች ስሬዴትስ አሏት፤ በኋላም በቅድስት ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራች። አንድ ከተማ በየዘመኑ ያሳለፈችውን ሰው ሁሉ በስሟ ውስጥ ስታኖር እንዲህ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በ864 ኻን ቦሪስ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ጥምቀቱ ከመንግሥት ጥቅም ጋር የተቆራኘ እንደ ነበር አይካድም፤ ቁስጥንጥንያ ሠራዊቷን አስከትላ ነበርና። ከዚህ የሚከፋው ግን የመሳፍንቱ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ቦሪስ 52 ባላባቶችን ከነልጆቻቸው ማስገደሉ ነው። ቤተ ክርስቲያን እርሱን ቅዱስ ትለዋለች፤ እኔም ሥራውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እነዚያን ሕፃናት ሳላስብ ስለ እርሱ መጻፍ አልችልም። ራሱም ነገሩ ከብዶት ኖሮ የሮሙን ሊቀ ጳጳሳት ኒቆላዎስ ቀዳማዊን ጠየቀ፤ ኒቆላዎስም በንጹሓኑ ልጆች ደም እንደ በደለና ንስሐ እንደሚገባው መለሰለት።

በ866 ቦሪስ ወደ ሮም የላከው የጥያቄ ዝርዝር ዛሬ የለም፤ 106ቱ መልሶች ግን ቀርተዋል፤ ከመልሶቹም ጥያቄዎቹን ማንበብ ይቻላል። አንድ ሕዝብ ሃይማኖት ሲቀይር ምን ምን እንደሚያስጨንቀው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጽሑፍ አላውቅም። ሱሪ መልበስ ኃጢአት ነውን? በጦርነት ጊዜ የፈረስ ጭራ እንደ ሰንደቅ ዓላማ እንይዝ ነበር፤ አሁን ምን እንያዝ? ንጉሡ ለብቻው በማዕድ ሲቀመጥ ሚስቱ እንኳ አብራው አትበላም፤ ይህ ነውር ነውን? በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ራስን በሻሽ መጠቅለል ይፈቀዳልን? ግሪኮች በረቡዕና በዓርብ ገላችሁን አትታጠቡ፣ ቀበቶ ሳትታጠቁም አትቊረቡ ይሉናል፤ እውነት ነውን? የኒቆላዎስ መልሶች አብዛኛውን ጊዜ ልበ ሰፊ ናቸው። ሱሪውን ልበሱ፤ በፈረሱ ጭራ ፋንታ መስቀል ያዙ፤ ታጠቡ፤ የንጉሡ ማዕድ ከመልካም ጠባይ እንጂ ከሃይማኖት የሚጋጭ አይደለም ይላቸዋል። እኛ ረቡዕና ዓርብን ስንጾም ያደግን ሰዎች የዚያን ሰው ጭንቀት ከውስጥ እንረዳዋለን። ትልልቁ የሥላሴ ምሥጢር ለሊቃውንት ይቆያል፤ ገበሬው የሚጠይቀው ነገ ጠዋት ምን ልልበስ፣ መቼ ልታጠብ ብሎ ነው።

ቦሪስ ከሮምም ከቁስጥንጥንያም የፈለገው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በመጨረሻም በ870 ወደ ቁስጥንጥንያ ጎን ተመለሰ። ቅዳሴው ግን በግሪክኛ ነበር፤ ካህናቱም ግሪኮች። ይህን የለወጠው ከሩቅ የመጣ ዕድል ነው። ቄርሎስና ሜቶዲዮስ የሚባሉ የተሰሎንቄ ወንድማማቾች በ863 በመካከለኛው አውሮፓ ወደ ነበረችው የስላቮች አገር ወደ ሞራቪያ ተልከው ለስላቮች ፊደል ቀርጸው፣ ወንጌሉንና ቅዳሴውን ወደ ስላቭኛ መልሰው ነበር። (ይህ ቄርሎስ በእኛ ቤተ ክርስቲያን የምናውቀው የእስክንድርያው ቄርሎስ አይደለም፤ በአራት መቶ ዓመት ያህል ይለያያሉ።) በ867 በቬኒስ ተሰብስበው የነበሩ ካህናት እግዚአብሔር የሚመሰገነው በዕብራይስጥ፣ በግሪክና በላቲን ብቻ ነው ብለው ቄርሎስን ተከራከሩት። እርሱም ዝናብ በሁሉ ላይ እኩል አይዘንብምን ብሎ፣ በየራሳቸው ቋንቋ መጻሕፍት ያላቸውን ሕዝቦች ዘረዘረላቸው፤ አርመኖችን፣ ጆርጂያውያንን፣ ጎቶችን፣ ዐረቦችን፣ ግብፃውያንን፣ ሶርያውያንን። ግዕዝ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወንጌል በግዕዝ መነበብ ከጀመረ በዚያን ጊዜ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ቄርሎስ ቢያውቀው ኖሮ ከማስረጃዎቹ ሁሉ የጸናው ይሆንለት ነበር። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር፣ በዚያ ጉባኤ አንድ የአክሱም መነኩሴ ዳዊቱን አንግቶ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ሜቶዲዮስ በ885 ሲሞት ደቀ መዛሙርቱ ከሞራቪያ ተባረሩ፤ ቀሌምንጦስና ናሆም የሚባሉት ከጓደኞቻቸው ጋር በ886 ወደ ቡልጋሪያ መጡ፤ ቦሪስም በክብር ተቀበላቸው። ምን እንደ ተቀበለ ያወቀ ይመስለኛል። ናሆም በመናገሻው ቀረ፤ ቀሌምንጦስ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በኋላም ወደ ኦኽሪድ ሄዶ አስተማረ፤ የሕይወት ታሪኩ 3,500 ደቀ መዛሙርት እንዳፈራ ይናገራል። በ893 ስምዖን ነገሠ፣ መናገሻው ወደ ፕሬስላቭ ተዛወረ፣ በግሪክኛ ፋንታ ስላቭኛ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሆነ። ዛሬ ሲሪሊክ የምንለው ፊደል የተቀረጸውም በዚህ ዘመን በቡልጋሪያ ነው። የቄርሎስ እጅ ሥራ ግላጎሊቲክ የሚባለው ሌላ ፊደል ነበር፤ ደቀ መዛሙርቱ አብዛኛውን ከግሪክ ፊደል ወስደው፣ ግሪክ የማያውቃቸውን ድምፆች ከመምህራቸው ፊደል ጨምረው አዲሱን ፊደል ሠሩ፤ እርሱም በኋላ በመምህሩ ስም ተጠራ።

በዚያ ዘመን የኖረ፣ ክራብር የሚባል አንድ መነኩሴ ስለ ፊደሎቹ አጭር ጽሑፍ ትቶልናል። ስላቮች ከመጠመቃቸው በፊት በመስመርና በጭረት ብቻ ይቆጥሩና ይጠነቍሉ እንደ ነበር፣ ከተጠመቁ በኋላም በግሪክና በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይታገሉ እንደ ነበር ይናገራል። በግሪክ ፊደል «ሕይወት» የሚለውን ቃላችንን እንዴት እንጽፈዋለን ብሎ ይጠይቃል፤ ቃሉ የሚጀምረው በዠ ነውና። ቄርሎስ 38 ፊደላት እንደ ሠራ፣ 24ቱ በግሪክ አምሳል፣ 14ቱ በስላቭ አነጋገር መሠረት እንደ ሆኑ ይቆጥራል። ይህን ሳነብ የራሳችን አማርኛ ትዝ አለኝ። ግዕዝ 26 ፊደላት ነበሩት፤ አማርኛ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የሚሉትን ሰባት ድምፆች መጻፍ ሲያስፈልገው፣ ሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ እና ጠ ላይ ቅጥያ እያከሉ 33 አደረሱት። እነርሱም እኛም በአንድ ዓይነት ድምፅ ተቸገርን፤ ሸ፣ ቸ እና ዠ ለግሪክም ለግዕዝም አልነበሩምና።

አጎቴ ጣታቸውን ያሳረፉባት ባለ ሦስት ዘንግ ሸ ከዕብራይስጥ ፊደል እንደ መጣች ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ፤ በዳዊት መዝሙር 118 ላይ «ሳን» ብለን የምናነባት ናት። «በለዐ» ብዬ ካነበብኳቸው ሦስቱም ሁለቱ እውነተኛ ዘመዶቻችን ሆነው አገኘኋቸው። ለ እና ዐ ከሴማውያን ጥንታዊ ፊደል ወደ ደቡብ ዐረብ ወርደው ወደ እኛ የደረሱ ሲሆን፣ እነዚያው ፊደላት በፊንቄያውያን በኩል ወደ ግሪክ፣ ከግሪክም ወደ ቡልጋሪያ ሄደዋል። ዐ በሁለቱም ወገን ክብ ሆና የቀረችው ከመጀመሪያው የዐይን ሥዕል ስለ ነበረች ነው። በ ብቻ ከዚያኛዋ ጋር የመልክ እንጂ የዘር ዝምድና የላትም፤ ያችኛዋ ፐ ናት።

ከፕሬስላቭና ከኦኽሪድ የወጡት መጻሕፍት ለጎረቤቶችም ተረፉ። የኪየቭ ሩሲያውያን በ988 ሲጠመቁ መጻሕፍቱ በሚገባቸው ቋንቋ ተዘጋጅተው ቆይተዋቸዋል፤ ሰርቦች በዚያው ፊደል ጻፉ፤ ቋንቋቸው ከላቲን የተወለደው ሩማንያውያን እንኳ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሲሪሊክ ይጽፉ ነበር። ኦኽሪድ ዛሬ በሰሜን መቄዶንያ ውስጥ ናት፤ ቀሌምንጦስ የማን ነው የሚለው ክርክርም ሁለቱን አገሮች ያስቀይማቸዋል። እኔ የሩቅ ተመልካች ነኝ፤ ሆኖም 3,500 ልጆች ያስተማረ መምህር ለአንድ አገር ብቻ ይበቃል ብዬ አላምንም።

በቋንቋም ቢሆን ጎረቤቶቹ ተሰጣጥተዋል። ቡልጋርኛ ስላቭኛ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሩማንኛና እንደ አልባንኛ የታወቀውን ነገር በስሙ መጨረሻ ላይ በሚጨመር ቅጥያ ያመለክታል፤ «ዠና» ሴት ሲሆን «ዠናታ» ሴቲቱ ነው። አጎቴ ከሌሎች አገሮች የመጡ የክፍል ጓደኞቻቸው በዚህ ሲደናገሩ እርሳቸው በአንድ ቀን እንደ ገባቸው ይናገሩ ነበር፤ ቤት ብሎ ቤቱ፣ በግ ብሎ በጉ ለሚል ሰው ምን ያስቸግራል?

የቀረውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። ቡልጋሪያ በ1018 በቢዛንታይን እጅ ወደቀች፤ በ1185 ወንድማማቾቹ አሰንና ጴጥሮስ ዐምፀው ዳግማዊውን መንግሥት በተርኖቮ አቆሙ፤ ተርኖቮም በ1393 በኦቶማኖች ተያዘች።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕዝቡ ከመጻሕፍት ውጭ ይዞት የቀረ ነገር አለ። በደቡብ ምሥራቅ፣ በስትራንጃ ተራራ ውስጥ፣ ቡልጋሪ በምትባል መንደር በጁን መጀመሪያ ምሽት ላይ ፍም ይዘረጋል፤ ከበሮና ከረጢት ዋሽንት ሲመታ፣ የተመረጡ ሰዎች ሥዕለ አድኅኖ ይዘው በባዶ እግራቸው በፍሙ ላይ ያሸበሽባሉ። የያዙት ሥዕል የቅዱስ ቆስጠንጢኖስና የእናቱ የዕሌኒ ነው። ግሪክ ውስጥም ከምሥራቅ ትራኪያ የተሰደዱ ሰዎች ይህንኑ ያደርጋሉ። ብዙዎች ሥርዓቱ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን የያዘኝ የንግሥቲቱ ስም ነው። እኛም በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራ ደምረን የምናነደው ስለዚህችው ዕሌኒ ነው። እነርሱ በፍሙ ላይ ይሄዳሉ፤ እኛ ደመራው ወዴት እንደ ወደቀ አይተን ዓመቱን እንገምታለን፣ በዐመዱም ግንባራችንን እናማትባለን። በሁለቱም ዳር እሳቱን ያነደደችው አንዲት ንግሥት ናት።

ሌላው ልማድ ይበልጥ ወደ ቤታችን የገባ ነው። በማርች 1 ቡልጋሪያውያን ነጭና ቀይ ክር ገምደው እጃቸው ላይ ያስራሉ፤ ማርተኒጻ ይሉታል። ሩማንያ፣ ሞልዶቫና ሰሜን መቄዶንያም የሚያከብሩት ስለ ሆነ ዩኔስኮ በ2017 ያስመዘገበው በአራቱም አገሮች ስም ነው። ክሩ ከእጅ የሚፈታው ከደቡብ የተመለሰ ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሲታይ ነው፤ ከዚያም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይታሰራል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ የካቲት 22፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ ነው። አጎቴ ነጭና ቀይ የጥልፍ ክር ከቀፊራ ገበያ አስገዝተው፣ ከእራት በኋላ በመዳፋቸው መካከል እያሹ ገምደው፣ ለእያንዳንዳችን ያስሩልን ነበር፤ ገመዱን ሲያጠነክሩ ጫፉን በጥርሳቸው ይይዙታል።

ሽመላዎቹ በእኛ ክረምት መጨረሻ ከአውሮፓ ተነሥተው በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በቦስፎረስና በሲና በኩል ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱም በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ ክሩን መቼ እንደምንፈታ አጎቴን ጠይቄአቸው ነበር። «እነርሱ ሲመጣ ካዩ ይፈታሉ፤ እኛ ሲሄድ ካየን እንፈታለን» አሉኝ። በአንድ የመጋቢት ቅዳሜ ወደ ሐረር ስንወጣ፣ ከሐረማያ ወዲህ ባለ የታረሰ ማሳ ላይ ነጫጭ ወፎች ቆመው አየን፤ ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር፣ እግራቸው ቀይ ነበር። አጎቴ መኪናውን አስቁመው ወረዱ፤ ወፎቹ በሞቃቱ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ከፍ እስኪሉና ወደ ሰሜን እስኪያቀኑ ድረስ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ የእኔንም የእርሳቸውንም ክር ፈትተው በመንገዱ ዳር ባለ ግራር ላይ አሰሩት።

አጎቴ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዲፕሎማው አሁን በእኔ ቤት ተሰቅሏል፤ ባለፈው ሳምንት የስድስት ዓመቷ ልጄ ከሥሩ ቆማ በጣቷ እየተከተለች ስታነብ ሰማኋት፤ «በ፣ ለ፣ ዐ» ትላለች።